ጫማ አንባቢው ውርርድ ገባ

ጫማ ሠሪው ሰው ስለ ራሱ የሚያወራውን ብዙም አይሰማም፤ የሚሰማው ጫማውን ነው። ደንበኛ ገብቶ «ሶሉን ብቻ ቀይርልኝ» ሲለው ጫማውን ይገለብጥና ተረከዙን በአውራ ጣቱ ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ፣ «ወገብህን ካመመህ ስንት ጊዜ ሆነህ?» ይላል። ሰውየው ክው ብሎ ይቀራል። ባለፈው ዓመት አንዲት መምህርት ሁለተኛ ልጇን ማርገዟን ከባሏ ቀድሞ ያወቀው እሱ ነው፣ ያውም ከጫማዋ። ባልየው እስከ ዛሬ ይህን አልሰማም፤ ባይሰማም ይሻላል።

ሱቁ በፀጉር ቤቱና በፎቶ ኮፒ ቤቱ መሀል የተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅባት ክፍል ናት። ሁልጊዜ ማስቲሽ ማስቲሽ ትሸታለች። የታችኛው መደርደሪያ ባለቤቶቻቸው የረሷቸው ጫማዎች መኖሪያ ነው፤ መሀለኛው የሚሠሩት፣ ላይኛው ደግሞ የአንድ ሰው ብቻ። እዚያ የሚቀመጠው የእህቱ ልጅ የልምምድ ጫማ ነው።

የእህቱን ልጅ ሰፈሩ «ጥድፊያ» ይላታል። ገና በአራት ዓመቷ ዳቦ ልትገዛ ስትላክ ሮጠው የሚከተሏትን ልጆች ሳትሮጥ ትቀድማቸው ነበር። ዛሬ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ የሃያ ኪሎ ሜትር እርምጃ ተወዳዳሪ ናት። እርምጃ ማለት፣ ለማያውቅ ሰው፣ መሮጥ የተከለከለበት ሩጫ ነው፦ አንዱ እግር ምንጊዜም መሬት መንካት አለበት፣ የፊተኛው ጉልበት መታጠፍ የለበትም፣ ዳኞቹም ዳር ዳር ቆመው እግር እግር ሲያዩ ይውላሉ። ሰፈሩ መጀመሪያ ሲያያት በሳቅ ሊሞት ነበር። አሁን የሚስቅ የለም፤ ለኦሎምፒክ ተመርጣለች።

አባቷን ያጣችው በስድስት ዓመቷ ነው። ከሥራ ሲመለስ በመንገድ ዳር እየሄደ ሳለ ከኋላው የመጣ የጭነት መኪና ገጨው። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት ያደረሳትም የመለሳትም አጎቷ ጫማ ሠሪው ነው። ጠዋት በሄዱበት ጠርዝ ማታ አይመለሱም፤ ይሻገራል። «መኪና ከኋላሽ እንዲመጣ አትፍቀጂለት» ይላት ነበር እጇን ጭብጥ አድርጎ። «ፊት ለፊት እያየሽው ሂጂ። የምታዪው መኪና አይገልሽም።» ይህ እውነት ይሁን አይሁን እሱም አያውቅም። ግን ሰው ለልጅ የሆነ ነገር ማለት አለበት።

ብሔራዊ ቡድኑ ካምፕ ከገባች ወዲህ ጫማዋ በየሁለት ወሩ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ይመጣል፣ ተጠግኖ በዚያው እጅ ይመለሳል። ካምፑ አዲስ ጫማ ይሰጣታል፤ ለልምምድ ግን አጎቷ ተረከዙን በጎማ ያጠናከረላትን ትመርጣለች፤ ይህን ለጋዜጠኛ ተናግራ አጎቷ ለሳምንት ያህል እግሩ መሬት አልነካም። ከውድድሩ ሦስት ሳምንት በፊት የመጣው ጫማ ውስጥ ደግሞ አጭር ወረቀት ነበረች፦ «ጋሼ፣ የካምፑ ሜዳ እድሳት ላይ ስለሆነ ውጭ አስፋልት ላይ ነው የምንሠራው። ቶሎ አልቋል ብለህ እንዳትቆጣኝ። ከኦሎምፒኩ ስመለስ እወስደዋለሁ።» «እንዳትቆጣኝ» የምትለው አሳቀችውና ወረቀቷን ግድግዳው ላይ ለጠፋት። ከዚያ ጫማውን ገለበጠ።

ሳቁ እዚያው ደረቀ። አራት ዓመት ሙሉ የጥድፊያ ሶል ግራና ቀኙ እኩል ነበር፣ በመለኪያ የተሞረደ እስኪመስል። አሁን የግራው ጫማ በውጭ በኩል ተበልቷል፣ የቀኙ በውስጥ በኩል። ይህን አበላል ያውቀዋል። የባንኩ ዘበኛ ዳሌው በቀዶ ጥገና ከመታከሙ በፊት ጫማው እንዲሁ ነበር፤ ሰውነቱን ወደ ግራ ጥሎ ቀኙን ሲሸሽ። ዘበኛው ደህና ነኝ እያለ ሲምል ጫማው ግን ሁሉን ይናገር ነበር። «ልጄን አሟታል» አለ ጫማ ሠሪው ለብቻው። «አሟት ደብቃለች።»

ይህን ማንም አይጠርጥር፤ የመጀመሪያው ስሜቱ ሐዘን ነበር። ሁለተኛው ስሜት የመጣው ከቀትር በኋላ ነው፣ የመጣውም ከፀጉር አስተካካዩ ጋር።

ፀጉር አስተካካዩ በስልኩ የማይወራረድበት ነገር የለም። እግር ኳሱ ሲያልቅበት ወደ ቴኒስ ይሄዳል፣ ቴኒሱ ሲያልቅበት ስማቸውን አጥርቶ መጥራት በማይችላቸው አገሮች ቅርጫት ኳስ ላይ ያስይዛል። ኦሎምፒክ ሲመጣማ ሰርግና ምላሽ ይሆንለታል፤ ዋና፣ ቀስት፣ ጎራዴ፣ ከከፍታ ውኃ ውስጥ መዝለል። ባለፈው ኦሎምፒክ በሙዚቃ በሚራመድ ፈረስ ላይ አስይዞ፣ «ፈረሱ አሳፈረኝ» ብሎ ሁለት ቀን አኩርፏል። በዚህ ሰሞን ግን ሰፈሩን ሁሉ ተወራራጅ ያደረገው በጥድፊያ ነው። አፑ ላይ «ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ትወጣለች» እና «አትወጣም» የሚል ምርጫ ወጥቶ ነበር። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ ሳትቀር፣ ቁማር ኃጢአት ነው የሚሉት ጡረተኛው ሂሳብ ሹም ሳይቀሩ፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ለፍቅር ያህል «ትወጣለች» ላይ አስይዘዋል።

«ጋሼ፣ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። አጎቷ ሆነው!» አለው ፀጉር አስተካካዩ፣ ስልኩን ተቀብሎ አፑን እየጫነለት።

«እኔ እዚህ ነገር ውስጥ የለሁበትም።»

«ደስ ካለዎት ነው እንጂ ማን አስገደደዎት? ትወጣለች ላይ የሚከፍለው ያው ጥቂት ነው፣ ሰው ሁሉ ስለሚጠብቃት። አትወጣም ያለ ሰው ግን ያስያዘውን ሦስት እጥፍ ይወስዳል። ግን ማን ደፍሮ ሊያስይዝ! እብድ ካልሆነ በቀር።»

የጫማ ሠሪው ዓይን ሳያስበው ወደ ላይኛው መደርደሪያ ሄደ።

ስለ ጣቶቹ መናገር ያስፈልጋል። ሠላሳ ዓመት ሶል በወስፌና በክር ሲሰፉ የኖሩ ጣቶች ናቸው፤ አሁን ጠዋት ጠዋት አብጠው አልታጠፍ ይላሉ፣ የሻይ ብርጭቆ ለማንሳት በሁለት እጁ ይይዛል። ከተማው ዳር አንድ የጫማ መሥሪያ ቤት ተዘግቶ የሶል መስፊያ ማሽኑ ለሽያጭ ቀርቧል። ሄዶ አይቶታል፣ በገዛ እጁ አዙሮታል፣ እንደ ጎረምሳ ልቡ ደንግጧል። ባለቤቱ እስከ ወሩ መጨረሻ ጠብቄህ ለሌላ እሸጠዋለሁ ብሎታል። ያጠራቀመው የዋጋውን ሲሶ ነው። ሲሶ በሦስት ሲባዛ ስንት እንደሚሆን ለማወቅ ሂሳብ ሹም መሆን አያስፈልግም።

ሁለት ቀን ከራሱ ጋር ተሟገተ። እሷ እንደሆነ ታማለች፤ እኔ አስያዝኩ አላስያዝኩ ዳሌዋ አይድንም። ገንዘቡ የሚመጣው ከሷ ኪስ አይደለም። ማሽኑ ሲገዛ ደግሞ የሷንም ጫማ የሚሰፋው እሱው ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ራሱን አሳመነ፤ ሰው ራሱን ሊያታልል ሲነሳ አፈ ጮሌ ነው። በሦስተኛው ቀን ደወለላት።

«እንዴት ነሽ ጥድፊያዬ?»

«ደህና ነኝ ጋሼ። አንተስ? እጅህስ?»

«ደህና ነው። ካምፑ ጋ ዝናብ አለ?»

«ትንሽ ትንሽ ያካፋል።»

«እንዳይበርድሽ።»

ስለ እግሯ አልጠየቃትም። ጥያቄው ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ጥድፊያ ለሱ ዋሽታ አታውቅም፤ ከጠየቃት ትነግረዋለች፣ ከነገረችው ደግሞ አልቅሶ ሐኪም ፍለጋ ይሮጣል እንጂ እንዴት አድርጎ ያስይዛል? ስለዚህ ስለ ዝናብ ጠየቀ። ስልኩን ከዘጋ በኋላ የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ አፑን ከፈተ። አውራ ጣቱ ማስቲሽ ጠጥቶ ስለኖረ ስክሪኑ አላውቅህም አለው፤ በቤንዚን ጠርጎ እንደገና ሞከረ። «አትወጣም» የሚለውን ነካ፣ ያለችውን ሁሉ አስገባ። «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቀው ስልኩ። እርግጠኛ ነበር።

የውድድሩ ቀን ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ፊት ታጨቀ። የመላጫውን ወንበር ለጥድፊያ እናት ለቀቁላት፤ ጫማ ሠሪው ከጎኗ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። እህቱ ገና ውድድሩ ሳይጀመር እጁን ያዘች። ያበጡት ጣቶቹ እንዳያሙት በለሆሳስ ነው የያዘቻቸው።

አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጥድፊያ አሥራ ሁለተኛ ነበረች። ጫማ ሠሪው ፊቷን አያይም፣ የሚያየው እግሯን ነው፤ ቀኝ ዳሌዋ መቼ እንደሚከዳት እየጠበቀ። አሥረኛው ላይ ዘጠነኛ ሆነች። ክፍሉ ሞቅ ሞቅ አለ። አሥራ ሦስተኛው ላይ አንድ ዳኛ ማስጠንቀቂያ አሳያትና እህቱ እጁን ጨመቀችው።

«ጸልይላት ወንድም ጋሼ! እንዲያው ጸልይላት!»

ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ግን ምን ብሎ ይጸልይ? ትግባ ብሎ እንዳይለምን ገንዘቡ አለ፣ አትግባ ብሎ እንዳይለምን ደግሞ እጁን የያዘችው እናቷ ናት። በስድሳ ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጣሪን የሚለው ጠፋው። ዓይኑን እንደጨፈነ እስከ ሃያ ቆጥሮ ገለጠው።

አሥራ ስድስተኛው ላይ ውኃ ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ ብርጭቆው አመለጣትና ከጎኗ ካለችው ጋር ተጋጭታ ተንገዳገደች። ክፍሉ «ወይኔ!» አለ። እሱ ግን «በቃ!» አለ፣ ጮክ ብሎ። ሰው ሁሉ ድንጋጤ መሰለው፤ ፀጉር አስተካካዩ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «አይዞዎት ጋሼ፣ ገና ነው» አለው። ያ «በቃ» ድንጋጤ እንዳልነበረ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ደስታ ነበር። ንጹሕ ደስታ፣ ልጅ ሆና እጇን ጨብጦ ያሳደጋት ሰው ስትንገዳገድ አይቶ የተሰማው ደስታ። በዚህ ምድር ላይ ያን ጠዋት እንድትወድቅ የሚመኝ ዘመድ ቢኖራት እሱ ነው።

ጥድፊያ ግን አልወደቀችም። ቀና አለች፣ ትከሻዋን አላላች፣ ከዚያ አንዷን አለፈች፣ ሌላዋን አለፈች። የመጨረሻው ዙር ላይ ስትታጠፍ ሰባተኛ ነበረች፣ ስትጨርስ ስድስተኛ። ፀጉር ቤቱ ሊፈርስ ደረሰ። ሂሳብ ሹሙ ባርኔጣቸውን ወረወሩ፤ እህቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እሱም ጮኸ። የሱ ጩኸት ከሌላው ትንሽ ዘግየት ያለ ነበር፤ ማንም ልብ አላለም። ስልኩ ኪሱ ውስጥ አንድ ጊዜ ነዘረ።

ጥድፊያ ወደ ሱቁ የመጣችው ከተመለሰች በሦስተኛው ቀን ነው፣ እንግዳ መቀበሉ ጋብ ሲል። በሩን ሳታንኳኳ ገባች፣ ሳመችው፣ ደንበኛ የሚቀመጥበት ሳጥን ላይ ተቀምጣ ከቦርሳዋ አንድ ጥንድ ጫማ አወጣች።

«የተወዳደርኩበት ነው። ያንተ ነው፤ ግድግዳው ላይ ስቀለው።»

ልማድ ሆኖበት ገለበጠው። ሶሉ ግራና ቀኙ እኩል ነበር።

«እኩል ነው» አለ።

«ምኑ?»

ከላይኛው መደርደሪያ የልምምድ ጫማዋን አወረደና ጎን ለጎን አስቀመጠላት። «ይሄስ? ይሄ ለምን እንዲህ ሆነ?»

ጥድፊያ አይታው ሳቀች። «አስፋልቱ ነዋ! የመንገዱ ጠርዝ ወደ ዳር ዘመም ያለ አይደል? በሱ ላይ ነው ሁለት ወር የሠራነው። አሠልጣኙ ስንመለስ መኪናው ከኋላችን ቢመጣም በዚያው ጠርዝ ተመለሱ፣ እግራችሁ አንድ ጎን ብቻ እንዳይለምድ ይላል። ሌሎቹ እሺ አሉ። እኔ ግን እየተሻገርኩ፣ ስሄድም ስመለስም መኪናውን ፊት ለፊት እያየሁ ነው የሠራሁት። ስለዚህ ሁልጊዜ በአንድ በኩል በላው።» ቀና ብላ አየችው። «አንተ አይደለህ እንዴ ያልከኝ?»

ጫማ ሠሪው ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። መልሱ ከፊቱ ግድግዳ ላይ ነበር፤ «አስፋልት ላይ ነው የምንሠራው» የምትለው ወረቀት እዚያው ተለጥፋለች። ሠላሳ ዓመት ቁጭ ብሎ የሰው አረማመድ ሲያነብ መንገድ የሚባል ነገር መኖሩን ረስቶት ኖሯል።

«ግን ለምን አልጠገንከውም?» አለች ጥድፊያ፣ ሶሉን በጣቷ እየነካች። «ወር ሊሞላው'ኮ ነው።»

መዋሸት ይችል ነበር። እጄን አሞኝ ነው ቢላት ታምነዋለች፣ ያውም እጁን ይዛ ታሽለታለች። ያ ነው ያስፈራው።

«አያስፈልግሽም ብዬ ነው። ዳሌሽን ያመመሽ መሰለኝ። ከስምንቱ ውስጥ አትገባም ብዬ... አስያዝኩ። በስልክ። ለማሽን ያጠራቀምኩትን ሁሉ።»

ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ከግድግዳው ወዲያ ሲያጉረመርም ይሰማል። ጥድፊያ ስለ ገንዘቡ አንዲት ቃል አልጠየቀችም።

«አሟታል ያልከው መቼ ነው?»

«ጫማው የመጣ ቀን።»

«ከዚያ በኋላ ደውለህልኝ ነበር።»

«አዎ።»

«ስለ ዝናብ ጠየቅከኝ።»

አንገቱን ደፋ።

«ተሳስተህ ነው፣ እሺ፤ አላመመኝም» አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ። «እውነት አሞኝ ቢሆንስ ኖሮ ጋሼ?»

ተሳስቶ ገንዘቡን መክሰሩ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ትልቁ ጥፋቱ ይመስለው ነበር። ቢሳካለት ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አሁን ገና ታየው፦ ልጅቱ ዳሌዋን ይዛ መንገድ ዳር ስትቀመጥ፣ እሱ ማሽን ሊገዛ ሲሄድ። ጥድፊያ ተነሳች። ያልተጠገነውን ጫማ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ የተወዳደረችበትን እዚያው ተወችለትና ወጣች። ስትወጣ ግን ስማዋለች፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አንጀቱን በላው።

ማሽኑ ለሌላ ሰው ተሸጠ። ጫማ ሠሪው አፑን ከስልኩ እንዲያጠፋለት ፀጉር አስተካካዩን ለመነ፤ ያም ሳይጠይቅ አጠፋለት፣ መቼም አንድ ነገር ሳይጠረጥር አልቀረም። ሁለተኛው ወር መጣ፣ ጫማ አልመጣም። የአውቶቡሱ ረዳት በበሩ ሲያልፍ ከሩቅ እጁን ያነሳለታል፤ ባዶ እጁን። ላይኛው መደርደሪያ አቧራ መያዝ ጀመረ። የውድድሩን ጫማ ለመስቀል ሁለት ጊዜ ምስማርና መዶሻ አንስቶ ሁለቴም አስቀመጠው። ደንበኞቹም አንድ ነገር ታዝበዋል፦ ጫማቸውን ሲገለብጥ እንደ ድሮው ወገብህ፣ ጉልበትህ ማለት ትቷል። «ምን ይሁንልህ?» ብሎ ይጠይቃል፣ የተባለውን ይሠራል።

በአራተኛው ወር ረዳቱ ቆመ፤ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አቀበለው። ውስጡ ወረቀት የለም፣ ጫማ ብቻ ነው። ጫማ ሠሪው ፌስታሉን ጭኑ ላይ እንዳደረገ ብዙ ቆየ። ጣቱ ሶሉን ለመዳሰስ ይቸኩል ነበር። ሳይገለብጠው፣ ልክ እንደመጣ፣ ሶሉን ወደ ታች አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ስልኩን አነሳ።

«ጫማው ደረሰህ?» አለች ጥድፊያ።

«ደርሶኛል።»

«እና አየኸው?»

«አላየሁትም። አንቺን ልጠይቅሽ ብዬ ነው። እንዴት ነሽ? እግርሽን ያምሻል?»

ወዲያ ማዶ ከሩቅ መኪና ሲያልፍ ተሰማ፣ ሌላም ተከተለው። ጫማ ሠሪው ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ጠበቀ።

«ጉልበቴን» አለች በመጨረሻ፣ በትንሽ ድምፅ፣ እጁን ይዛ ትምህርት ቤት ስትሄድ በነበራት ድምፅ። «የግራውን። ሦስት ሳምንቱ ነው ጋሼ። ለማንም አልተናገርኩም።»

መዶሻውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ተነሳና የሱቁን በር ቆለፈ። «ያለሽበት ጠብቂኝ» አላት። «መጣሁ።»